ውሃ ሌሊት ነው የሚመጣው

ቱሉ ዲምቱ በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት በየደረጃው መታጠፊያ እያረፉ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው በሬን አንኳኩ። በአንድ እጃቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ግማሽ ድፎ ዳቦ ይዘዋል፤ በሌላው የደረጃውን ብረት አለቀቁም። «እንኳን ደህና መጣሽ» ካሉኝ በኋላ ስሜንም ሆነ የመጣሁበትን ሰፈር ሳይጠይቁ፣ «ልጄ፣ ውሃ ሌሊት ነው የሚመጣው፤ ቀን ቧንቧ እየከፈትሽ አትድከሚ» አሉኝ። ዳቦውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ምክሩን ግን አልተቀበልኩትም፤ ባደግሁበት በካዛንቺስ ውሃ ቢጠፋ ለአንድ ቀን፣ ቢበዛ ለሁለት ቀን ነበርና ሴትዮዋ የቆየ ወሬ የሚነግሩኝ መስሎኝ ነበር። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሁለት ጀሪካን በሰው አስሸክሜ ወደ ቤቴ ሳስወጣ፣ እሳቸው በራቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ፤ አንድም ቃል አልተናገሩም።

ቤቱ የደረሰኝ በ1997 ዓ.ም. ተመዝግቤ፣ አስር ዓመት ያህል ጠብቄ፣ በእጣ ነው። 20 በመቶውን ከፍዬ 80 በመቶውን በባንክ ብድር የወሰድኩት ባለ አንድ መኝታ ቤት ሲሆን፣ ቁልፉን የተረከብኩ ዕለት ወለሉ ባዶ ሊሾ፣ መስኮቱም አቧራ የጠጣ ነበር። ከመሃል ከተማ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው እዚሁ አጠገባችን በመሆኑ፣ የካዛንቺስ ጓደኞቼ «አዳማ ገባሽ አሉ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አባቶች «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይላሉ፤ ኮንዶሚኒየም የደረሳት ሴት ግን ያለ መካር አንድ ወርም አትዘልቅም።

ይህን ለመረዳት ጊዜ የወሰደብኝ፣ በልጅነቴ ምክር የሚባል ነገር በምክርነቱ ሲሰጥ አይቼ ስለማላውቅ ይመስለኛል። በካዛንቺስ ግቢያችን ስድስት አባወራ በአንድ ቧንቧ ይጠቀም ነበር። ውሃ መምጣቱን የባልዲው ድምፅ፣ ከሰል መወደዱን የጎረቤት ማጉረምረም፣ የሰው መታመሙን የተዘጋ መስኮት ይነግረናል፤ ማንም ማንንም አይመክርም፣ ሁሉም ስለሚያይ። እዚህ ግን እያንዳንዱ ቤት በብረት በር ተዘግቶ፣ አንዱ በሌላው አናት ላይ ተቀምጦ ይኖራል። በግቢ ውስጥ በዓይን ይገኝ የነበረው ሁሉ እዚህ በአፍ መነገር አለበት፤ ለመናገር ደግሞ አንድ ሰው ደረጃ መውጣት አለበት። ጉልበታቸው የሚያማቸው ሴት ለማያውቋት ልጅ ሲሉ አራት ፎቅ መውጣታቸው ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በኋላ፣ እኔው ራሴ ጀሪካን ተሸክሜ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ ባልኩ ጊዜ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ እንደሚመዝን በትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ ደረጃው ላይ ግን ሂሳቡ ይለያል።

ውሃው ለምን ሌሊት እንደሚመጣ ያስረዳኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር በግንበኝነት ሥራ የሚተዳደር ጎልማሳ ጎረቤታችን ነው። በእኛ በኩል ያለው የከተማዋ ዳርቻ በአብዛኛው የሚጠጣው በአቃቂ ከተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ቀን ሁሉም ሰው ቧንቧውን ሲከፍት በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል። ውሃን 10 ሜትር ወደ ላይ ለመግፋት አንድ ባር ያህል ግፊት ያስፈልጋል፤ የእኔ የወጥ ቤት ቧንቧ ከመሬት 12 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ፣ የምድር ቤቱ ቧንቧ እየፈሰሰ የእኔው አየር ብቻ ያፏጫል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ከተማው ሲተኛ ግፊቱ ያገግምና ውሃው ቀስ እያለ ፎቅ በፎቅ ይወጣል። ይኸው ሰው ሌላም ነገር ነገረኝ፦ የጉድጓድ ውሃ የሚወጣው በኤሌክትሪክ ፓምፕ ስለሆነ መብራት ከሄደ ውሃውም ብዙ ሳይቆይ ይከተለዋል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ እኔ ድሮ ሻማ ነበር የምፈልገው፤ አሁን ግን በጨለማው ውስጥ መጀመሪያ የማነሳው ባልዲ ነው፤ በመስመሩ ውስጥ የቀረውን ለመቅዳት።

ምክንያቱን ማወቅ ግን እንቅልፍ አይሆንም። ለሦስት ወር ያህል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እየተነሳሁ ከቀዳሁ በኋላ፣ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ቤቴን ሊጠግን መጥቶ «ምን አስጨነቀሽ፤ ትንሽ ፓምፕ ገዝተሽ ከመስመሩ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ነው» አለኝ። ገዛሁ፤ አገናኘልኝ፤ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። እውነቱን ለመናገር የሰጠኝ ምክር ሠርቷል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከሥራ ቀርቼ ልብስ ሳጥብ ያደረብኝን ኩራት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሁለት ሳምንት ቆይተው እማማ (በዚህ ጊዜ እማማ ማለት ጀምሬ ነበር) ቡና ጠሩኝ። አቦሉን ጠጣን። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ በርበሬ ዋጋ፣ ስለ ጉልበታቸው ተጨዋወትን። ቶናው ሲቀዳ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ «ልጄ፣ ከአንቺ ቤት ያ ነገር ሲንጎራጎር እኔ ቤት ይደርቃል» አሉኝ። ከዚያ ስኒዬን ሞልተው፣ «ቆሎ ውሰጂ» አሉ።

ከኀፍረቴ የተነሳ በረካውን እንዴት እንደጠጣሁት አላውቅም። ሄጄ ግንበኛውን ስጠይቀው ነገሩ ከእኔ ግምት የከፋ ነበር። ከመስመሩ በቀጥታ የሚስብ ፓምፕ ከእኔ በታች ያሉትን ቤቶች ውሃ ይሻማል፤ ያ ብቻ ሳይሆን፣ መስመሩ ባዶ በሆነ ጊዜ ሲስብ ቧንቧው በተሰነጠቀበት ቦታ ሁሉ ከአፈሩ ውስጥ ቆሻሻ ውሃ ሊያስገባ ይችላል። ማለትም ንጹሕ ልብስ ያጠብኩት የሌላ ሰው ልጅ ሊታመምበት በሚችል ውሃ ነበር። የቧንቧ ሠራተኛውን ደውዬ ልወቅሰው አሰብኩና ተውኩት። ለእኔ ቤት የነገረኝ ትክክል ነው፤ ሰውየው ግን ከእኔ በታች አራት ቤት መኖሩን የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም፤ በማግሥቱ በዚያ ደረጃ የሚያልፈው እሱ አይደለምና። ምክር ከሰው ስሰማ መናገሩን ብቻ ሳይሆን ነገ የት እንደሚገኝ ማየት የጀመርኩት ከዚያን ቀን ወዲህ ነው።

መፍትሔው ቀላል አልነበረም፤ ሦስት እሑድ ፈጅቷል። በአንድ መስመር ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ የተደረደርነው አምስት ቤቶች ተሰብስበን፣ ባለ 2000 ሊትር ሮቶ በጋራ ለመግዛት ተስማማን፤ ለአንድ ቤት 400 ሊትር፣ በጀሪካን ቢቆጠር ሃያ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ ጋሼ ሮቶው ጣሪያ ላይ ይውጣ ሲሉ ግንበኛው፣ «ጋሼ፣ ሲሞላ ሁለት ቶን ነው፤ አናታችን ላይ ሁለት ቶን አስቀምጠን እንተኛ?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ጋሼ በበኩላቸው ስለ ሕጉ አስታወሱን፤ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ጣሪያውንም ደረጃውንም የጋራ ስለሚያደርገው፣ ሮቶው በግቢው መሬት ላይ እንኳ ቢቀመጥ የማኅበሩን ፈቃድ እንጠይቅ አሉ። ጠየቅን። በመጨረሻ ሮቶው መሬት ላይ በሲሚንቶ መሠረት ተቀመጠ፤ ሌሊት መስመሩ ራሱ ይሞላዋል፤ ያ የእኔ ፓምፕ ደግሞ ከመስመሩ ተላቆ ከሮቶው ወደ ላይ ይገፋል። የመብራቱን ወጪ እንካፈላለን። እማማ ምድር ቤት ስለሆኑ ፓምፑ ምንም አይጠቅማቸውም፤ ድርሻቸውን ግን ከሁላችንም ቀድመው ከፈሉ።

ስለ ሌላው ኑሮ በአጭሩ ልለፈው። ክረምት ሲገባ እዚህ የምንረግጠው መረሬ ነው፤ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት ጥቁር አፈር። ስለዚህ የቢሮ ጫማዬን በፌስታል ይዤ በቦት ጫማ እስከ አስፋልት እሄድና ታክሲ ተራው ላይ እቀይራለሁ፤ ቦቱን ቡና የምትሸጠው ልጅ ታስቀምጥልኛለች። ጠዋት ከ12 ሰዓት በፊት ያልወጣ ሰልፉን አይወጣውም፤ ከ11 ሰዓት በፊት የወጣ ደግሞ ጅብ ያገኛል። ሁለተኛውን ተረት አድርጌው ነበር፤ አንድ ሌሊት ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ እስካየሁት ድረስ። ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ መጋገርም የሚመከር አይደለም፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ሦስት ኪሎ ዋት እና ከዚያ በላይ ስለሚበላ፣ መላው ብሎክ በአንድ ጊዜ ሊጥ ሲያፈስ መብራቱ ይወርዳል፤ ግማሹ የጋገረው ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። እኔ ሐሙስ ማታ ነው የምጋግረው። ይህንንም ሰው ነው የነገረኝ።

ከሁሉም ያስገረመኝን ምክር የሰማሁት ግን ከአካባቢው ነባር ገበሬ፣ ወተት ከሚያመጡልን እናት ነው። እኛ «አዴ» እንላቸዋለን፤ ልጆቻችን አፋን ኦሮሞ ሰላምታ የለመዱት ከእሳቸው ነው። አንድ ጎረቤታችን ከመንገዱ ዳር ዝቅ ባለው ሥፍራ የኮንቴይነር ሱቅ ሊያስቀምጥ ሲያስለካ፣ አዴ የወተት ዕቃቸውን አስቀምጠው ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ «እዚህ በሐምሌ በሬ ሰጥሞብን በገመድ ነው የጎተትነው» አሉት። ሰውየው በትሕትና ሰማቸው፤ ኮንቴይነሩንም ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ላይ አስጠጋ። በዚያው ክረምት የለካበት ቦታ ኩሬ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የቦታ ስም ስሰማ ትርጉሙን እጠይቃለሁ። ቱሉ ዲምቱ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፤ ለገጣፎና ለገዳዲ ላይ ያለው «ለገ» ወንዝ ማለት ነው። (ለገሃርን ግን ከዚህ አትቁጠሩት፤ እሱ ፈረንሳዮች ባቡር ጣቢያ ከሚሉበት ቃል የመጣ ነው፤ እኔም እስክታረም ድረስ ወንዝ ፈልጌበታለሁ።) አዴ እንዳሉት ከሆነ እኛ ከመምጣታችን በፊት ቦታው ሁሉ ስለ ራሱ ተናግሮ ጨርሷል፤ የጎደለው ቋንቋውን የሚያውቅ አድማጭ ነበር።

አባቴ በ2013 ዓ.ም. በእኔ ቤት አረፈ። እዚያ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ።

ያረፈው ሌሊት ነበር። ካዛንቺስ ላለው እድራችን ወዲያው ደወልን፤ ወደ ዳርቻ ከወጣን በኋላም መዋጮውን አቋርጠን አናውቅም ነበር። ነገር ግን ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ ሁሉ በአይሱዙ ተጭኖ እስኪደርስ ግማሽ ቀን መሆኑ የማይቀር ነው። ንጋት ላይ የብሎካችን ሰዎች ሸራ ከሮቶው እስከ አጥሩ ወጥረው ነበር፤ እማማ ቤት ንፍሮ ተጥዷል። እኔ በዚያ ሰዓት የማስበው ስለ ሳጥኑ ነበር። ወንድሜ ሳጥኑን ወደ ላይ ሊያስወጣ ሰዎች ሲያስተባብር ግንበኛው ወደ ጎን ወሰደውና በለሆሳስ አነጋገረው። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ሳጥኑ በመታጠፊያው ላይ አይዞርም፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሆነውን እኛ አይተናል፤ ሬሳው የተቀመጠበትን ሳጥን ማቆም፣ ማዘንበል ይመጣል፤ እናንተም እናታችሁም ያንን ማየት የለባችሁም። ሳጥኑ ታች ይቆይ፤ አባታችን በቃሬዛ ይውረዱ።

እንደዚያው ሆነ። ቃሬዛውን ከፊት በኩል፣ ክብደቱ በሚያርፍበት ወገን የያዘው ራሱ ግንበኛው ነበር፤ ወደ ኋላ እየተራመደ፣ በእያንዳንዱ መታጠፊያ «ቀስ» እያለ። ይህን ምክር በሕይወቴ ልጠይቀው የምችለው አልነበረም። ሰው አዲስ ቤት ሲገባ ስለ ሴራሚኩ፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ መጋረጃው ይጠይቃል፤ «ሰው ሲሞትብኝ በየት አወርደዋለሁ» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ያን ያህል የሚያውቅልህ ቀድሞህ ያወረደ ብቻ ነው።

ለቅሶው ካለቀ በኋላ የብሎኩ እድር ገባሁ። የድሮውን ልተው እንደሆነ ጋሼን ሳማክራቸው፣ «ሁለቱንም ያዢ፤ ያኛው አባትሽን ያውቃል፣ ይኼኛው ደረጃውን ያውቃል» አሉኝ። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ የእድራችን አባላት በየአቅጣጫው ተበተኑ። ስማቸው በመዝገቡ ላይ እንዳለ ነው፤ አድራሻቸው ግን አሁን የሚጻፈው በእርሳስ ነው። አንዳንዶቹ ሲደውሉልኝ ስለ ኮንዶሚኒየም ኑሮ ይጠይቁኛል። እኔም የቧንቧውን ነገር ከነገርኳቸው በኋላ ስለ ደረጃው ልንገራቸው ወይስ ልተወው እያልኩ አመነታለሁ። እስካሁን የነገርኩት ለአንዲት ሴት ብቻ ነው።

ከብሎካችን ነዋሪዎች ብዙዎቹ ተከራዮች ስለሆኑ የምናውቀው ሁሉ በየጊዜው ከሰው ጋር ይሄዳል። ባለፈው አንድ ደላላ አዲስ ለሚገቡ ባልና ሚስት የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈሉ ብሏቸው፣ ጋሼ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅ እንደማይቻልና ውሉም ከሁለት ዓመት እንደማያንስ ደረጃው ላይ ቆመው አስረዷቸው። ደላላው ጋሼን «አባት፣ እርስዎ ምን አገባዎት?» አላቸው። ጋሼም «ጎረቤቴ ናቸዋ» አሉት፤ ሰዎቹ ገና ዕቃቸውን ከመኪናው አላወረዱም ነበር።

እነዚህ ባልና ሚስት የገቡት ከእኛ መስመር ውጪ ባለው፣ ሮቶ በሌለው ቤት ነው። ልጅቷ ነፍሰ ጡር ናት። በሦስተኛው ቀን፣ ድፎ ዳቦ መድፋት ስለማልችል አምባሻ ገዝቼ፣ ሁለት ፎቅ ወርጄ በራቸውን አንኳኳሁና «ውሃ ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ነው የሚመጣው፤ ከ8 ሰዓት በፊት አትነሺ» አልኳት። ስነግራት የእማማን ድምፅ አወጣጥ እየቀዳሁ እንደሆነ ይታወቀኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሞላ በሬ ተንኳኳ። ልጅቷ ናት፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ ባዶ ባልዲ ይዛለች። «እትዬ፣ እስከ 11 ሰዓት ጠብቄ ነበር፤ አልመጣም» አለችኝ። እትዬ ስትለኝ ወደ ኋላዬ ልዞር ምንም አልቀረኝም። አብረን ወርደን ጥበቃውን ስንጠይቅ፣ ፈረቃው ከተለወጠ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ የእኛ ሮቶ ሳንጠይቅ ስለሚሞላልን ከላይ ያለነው ማንም አላወቅንም። አሁን ሰኞና ሐሙስ ነው። ባልዲዋን ከሮቶው ሞላሁላትና፣ እሷ ባዶ እጇን እንድትቀድም አድርጌ ተከትያት መውጣት ጀመርኩ። አንደኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ ቆማ፣ «እትዬ፣ ሐሙስስ እርግጠኛ ነዎት?» አለችኝ።

«ሐሙስ ሌሊት እኔም እነሳለሁ» አልኳት።